ኮምፒውተሩ «በዓል» ያለው ሳምንት

ብሬመን፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2008

ፌኔት ኮ፣ አካም ጅርታ?

ስልክሽ አልሠራ ቢለኝ ነው ይህን ፖስት ካርድ የገዛሁት። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሳተላይት ምስል እያየ አየር ውስጥ ያለውን የመኪና ጋዝ እንዲለካ ኮምፒውተር እያስተማርን ነው። ጋዙ ሲበዛ ካርታው ይቀላል፣ ሲያንስ ይነጣል። ትናንት የኛን አገር ከፈትኩት። ከሰበታ እስከ ተፍኪ ያለው መንገድ ሳምንቱን ሙሉ ነጭ ነው! ኮምፒውተሩ ከሥሩ «በዓል» ብሎበታል። ጋዙ እንዲህ የሚጠፋው ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። አስተማሪዬ ፈገግ ብላ «ምን በዓል ነበራችሁ?» አለችኝ።

«በዓል አይደለም፤ በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገዱ ተዘግቶ ነው» ስላት ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «በዓል» የሚለውን በእጄ ሰረዝኩት።

እዚህ ባቡሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ ጭስ የሚባል የለውም። እኔ ግን ትዝ የሚለኝ የአባትሽ የኦቦ ዲሪርሳ ሚኒባስ ነው፤ ዳገቱ ላይ ስታጨስ አፍንጫችንን በነጠላ ይዘን እሳቸውን እናማ የነበረው። አሁን በየጠዋቱ ካርታውን የምከፍተው ሚኒባሷን ፍለጋ ነው። ትንሽ ከቀላ መንገዱ ተከፍቷል፣ አባትሽም ሥራ ወጥተዋል እላለሁ። እስከ ዛሬ ጠዋት አልቀላም።

ቦታ አለቀብኝ፣ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። እናትሽን ሳሚልኝ። ኦቦ ዲሪርሳን ደግሞ «ላሊሴ ከእንግዲህ አታማዎትም፤ ጭስዎን እዚህ ሆና እየጠበቀች ነው» በያቸው።

ላሊሴ