ስለ አሥራ አራት ሰከንዱ ጩኸትና ስለ ወደቀችው የድራም ዱላ

ለክቡር ሙሴ ሬጂስ ፎጄር
የ«ነሐስ ንስር» ባንድ መሥራች፣ ጊታር ተጫዋች፣ መሪና የስሙ ብቸኛ ባለቤት
ቲዬር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጣቶችዎ ቅልጥፍናና ዘንድሮም እንደ ምንም ጥቁር ሆኖ ለዘለቀው ረጅም ጸጉርዎ ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ ኤርቬ ሻስታኝ እባላለሁ፤ በዚሁ ከተማችን ቢላዋ ስሎ አዳሪ ስሆን፣ ቢያስታውሱኝ፣ የባንድዎ የመጀመሪያው ድራም መቺ ነበርኩ። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ለማውጣት የተገደድኩት ቀደም ብዬ በግል የላክሁልዎ ሦስቱ በሥራ ብዛት ሳይነበቡ ቀርተው ይሆናል ብዬ ነው።

ባንድዎ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ዘንዶ፣ ስለ ሰይፍና ስለማይሞት ወንድማማችነት በሚያስደነግጥ ፍጥነት ሲጫወት መኖሩ ያስደንቀኛል። በዚህ በማይሞተው ወንድማማችነት ውስጥ ሃያ ሦስት ሰዎች ገብተው አሥራ ዘጠኙ ወጥተዋል። እርስዎ ግን አንድም ቀን አልወጡም፤ ለዚህ ጽናትዎ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ለሚሰናበት ሁሉ «በወዳጅነት ተለያይተናል» የሚል አንድ ዓይነት መግለጫ በማውጣት አድልዎ አለማሳየትዎን አደንቃለሁ። አራተኛው ቤዝ ተጫዋች በወዳጅነት መለያየቱን የሰማው በገዛ ሠርጉ ላይ፣ ኬኩ ሳይቆረስ ነው። እኔ ደግሞ የሰማሁት ድራሜን መኪናዎ ላይ እየጫንኩ ሳለ ነው፤ በወዲያኛው ጫፍ ይዞ ያግዘኝ የነበረው ልጅ ተተኪዬ መሆኑን ቀስ ብሎ ነገረኝ። ትሑት ልጅ ነበር፤ እሱንም በዓመቱ ተለያይታችሁታል።

2ኛ. ለባንዱ የምሥረታ በዓል ባሳተሙት ፖስተር ላይ ከመጀመሪያው ፎቶግራፋችን ሁላችንንም ቆርጠው አውጥተውናል። ትከሻዎ ላይ የቀረችው ክንድ የድምፃዊያችን የጊስላን ናት።

3ኛ. እዚህ ላይ ትሕትናዬ እየከዳኝ ስለሆነ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን አልበማችንን ከገበያ ሰብስበው እንደ አዲስ አስቀርጸውታል። ሽፋኑ ላይም «እያንዳንዱ ድምፅ ዛሬ ባሉት አባላት በአዲስ መልክ የተቀረጸ» ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። የመጀመሪያው ድምፃዊያችን ጊስላን ቬርዲዬ ከስድስት ዓመት በፊት በካንሰር ምክንያት ማንቁርቱ ወጥቶ እንደማይናገርና በኪሱ በሚይዛት ደብተር እየጻፈ እንደሚግባባ ያውቃሉ። ያውቃሉ እንጂ ጠይቀውትስ አያውቁም።

ባለፈው እሑድ ጊስላን ቤታችን ምሳ እየበላ ሳለ አዲሱን ሲዲ ከፈትን። ሦስተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ፣ መሣሪያው ሁሉ ቆሞ ያ አሥራ አራት ሰከንድ የሚረዝመው ጩኸት ሲጀምር፣ ባለቤቴ ኦዲል የአይቡን ሳህን እንደያዘች ቀረች።

«እንዴ! ይሄ እኮ ጊስላን ነው!»

«ተይ እንጂ፣ አዲሱ ልጅ ነው» አልኳት፤ የእርስዎን ሽፋን አምኜ።

አሥራ አንደኛው ሰከንድ ላይ ግን አንዲት እንጨት ድንጋይ ላይ ወድቃ ሁለት ጊዜ ነጠረች። ክቡር ሆይ፣ ያቺ እንጨት የእኔ የድራም ዱላ ናት። በ1985 ዓ.ም. በወንዙ ዳር ባለው አሮጌ የቢላዋ መሳያ ቤት ስንቀረጽ ከላበው እጄ ያመለጠችው እሷ ናት። ድገሙት ብዬ ስለምንዎ «ተወው ባክህ፣ ማን ይሰማዋል!» ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ከዚያ ወዲህ ያስገቧቸው አምስት ድምፃውያን ያንን ጩኸት ሊደርሱበት ስላልቻሉ የጊስላንን ድምፅ ወስደው ስሙን ተዉት።

ጊስላን ደብተሩን አውጥቶ «እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ «ታዲያ ስሜን ምን አስጠላቸው?» አለ። በጣም ተናድጃለሁ፤ ሌላ ጨዋ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። ለሰውየው በዚህ ዓለም ላይ የቀረለት ድምፅ ያ ብቻ ነው።

ያሁኑን ድምፃዊዎን ገበያ አግኝቼ ብጠይቀው «ሙሴ ኤርቬ፣ እኔማ እዚያ ቦታ ስደርስ አፌን ከፍቼ ነው የምቆመው፤ የሚጮኸው ማሽኑ ነው። እባክዎ ከእኔ ሰማሁ እንዳይሉ» አለኝ። ስሙን የማልጠቅሰው ለዚህ ነው፤ ደግሞም ይህ ጋዜጣ እስኪወጣ በወዳጅነት ተለያይታችሁ ሊሆን ይችላል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጊስላን ቬርዲዬ ስም ከጩኸቱ ጎን ይጻፍለት፤ አለበለዚያ ጩኸቱ ይውጣና ራሳችሁ ጩኹ።

በወዳጅነት የተለያየሁዎት፣ መኪናዎን ጭኜ በእግሬ ወደ ቤቴ የተመለስኩ፣
አክባሪዎ ኤርቬ ሻስታኝ

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለሚያቀርቡት የበዓል ዝግጅት ጊስላንና እኔ ከፊተኛው ረድፍ ትኬት ቆርጠናል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድንገት ማሽኑ እምቢ ቢል ብዬ የድራም ዱላዬን ይዤ እመጣለሁ፤ አሥራ አንደኛው ሰከንድ ላይ እጥላታለሁ። የቀረውን አሥራ ሦስት ሰከንድ ከመድረክዎ ላይ ሰው ይፈልጉለት።