ርክክቡ ያላለቀው አኮርዲዮን

ውድ ዋርሳዬ ጉርሜሳ፣

ስንት ጊዜ ብዕር አንስቼ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጥኩ አልነግርህም። ያሁኑ ግን መላክ አለበት። የወንድምህን አኮርዲዮን ሸጥኩት። ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። አረፍ ብለህ አንብበው፣ ወሬው ረጅም ነው።

ከመካኒሳ አቦው ቤት ለቅቄ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገብቻለሁ። ወንድምህ ቶሌራ ካረፈ በኋላ ያ ግቢ ለእኔ ብቻዬን ሰፋኝ፤ ይሄኛው ደግሞ ጠበበኝ። አንድ ክፍል ናት፣ አራተኛ ፎቅ፤ ውሃው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ጄሪካን ይዤ ደረጃውን ስወጣ በየፎቁ ቆሜ ሰው የምጠብቅ እመስላለሁ እንጂ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነው። አኮርዲዮኑን አልጋ ሥር ብከተው እርጥበት፣ ቁም ሳጥን ላይ ባወጣው ደግሞ እያየሁት እንቅልፍ እምቢ። አንድ ቀን ቆዳው ላይ ነጭ ሻጋታ አየሁ። ያኔ ቆረጥኩ። እኔ ዘንድ ዝም ብሎ ከሚበሰብስ ሰው ዘንድ ሄዶ ይጩህ አልኩ።

አሮጌ ዕቃ መሸጥ ግን ቀላል እንዳይመስልህ። ከአኮርዲዮኑ በፊት የቶሌራን አምፕሊፋየር ሸጬ ጉድ ሆኛለሁ። ቴሌግራም ላይ ባወጣው አንድ ክፍለ ሀገር ያለ ሰውዬ “እናቴ፣ እናቴ” እያለ ገዛኝ። ላክሁለት። ጥቂት ቆይቶ አይሠራም አለኝና በመጣበት መኪና መለሰው። ካርቶኑን ከውጭ አይቼ ደህና ሰው መስሎኝ ገንዘቡን መለስኩለት። ከዚያ ስከፍተው ሽፋኑ የቶሌራ ነው፣ ሆዱ ግን የሌላ ነው። ደህናውን የውስጥ ዕቃ አውጥቶ የተቃጠለ ሞልቶበታል። ምን ይዤ ልከራከር? ፎቶ አላነሳሁ፣ ቁጥሩን አልያዝኩ። “እናቴ፣ የላክሽልኝን ነው የመለስኩልሽ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። ጉርሜሳ፣ ያን ቀን ለቅሶ ሁለተኛ የተቀመጥኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ስለዚህ ለአኮርዲዮኑ ሻጭ አልሆንኩም፣ ፖሊስ ሆንኩ።

አሠልጣኜ ብርነሽ ናት። ከእኔ ሥር ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር፣ በብሎኩ ውስጥ ማን ምን እንዳስገባና ማን ከማን እንደተኳረፈ ሳትጠይቃት የምትነግርህ ሴት። እሷም ተነክሳለች። ፍሪጇን ስትሸጥ የባንክ መልእክት የሚመስል ነገር ስልኳ ላይ ገባላትና ዕቃውን አስጫነች። ባንክ ሄዳ ስትጠይቅ ምንም የለም። ከዚያ ወዲህ የስልክ መልእክት ስታይ እንደ እባብ ነው የምትሸሸው። “በባንኩ መስኮት በኩል ሰው በአፉ ካልነገረሽ ገንዘብ ገባ ብለሽ እንዳታምኚ” አለችኝ።

ማስታወቂያውን ስጽፍ ጉድለቱን አንድም አላስቀረሁም። አየር የሚስበው ወናፉ ማዕዘኑ ላይ የተለጠፈበትን ቆዳ፣ የተሰነጠቀውን ጎን፣ አንደኛው ማንጠልጠያ መቀየሩን፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ብርነሽ አነበበችና “ሽያጭ ነው ኑዛዜ?” አለችኝ። ኋላ አልነገርሽኝም እንዳልባል ነው አልኳት።

ደዋዩ ብዛቱ። ዋጋው ተጽፎ እያለ ዋጋው ስንት ነው የሚለው ግማሹ ነው። አንዱ ለሠርግ ፎቶ ማሳመሪያ ለግማሽ ቀን አከራዪኝ አለ። ሌላው በቴሌቪዥን እንለዋወጥ አለ። ሲታክተኝ ስልኩን ትራስ ሥር እከተው ጀመር። በመሀል ናዝሬት የምትባል ሴት ከጅማ ደወለች። ድምፅዋ የታረመ፣ አነጋገሯ የተቆጠበ። አንድም ብር ቀንሺልኝ አላለችም። ቪዲዮ ላኪልኝም አላለችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “እትዬ፣ ሌላ ሰው ከፍቶ ነካክቶታል?” ባለቤቴ ከሞተ ማንም አልነካውም አልኳት። “እንወስደዋለን” አለች።

ለብርነሽ ስነግራት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። “ዋጋ ሳትከራከር የምትገዛ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? ይቺ ወይ ሌባ ናት ወይ ሰው ልኳታል።”

እኔም ፈራሁ። ፖስታ ቤት ሄጄ ስጠይቅ ሠራተኛዋ ዋጋው ተመዝግቦ፣ ደረሰኝ ይዤ በአደራ እንደሚሄድ ደህና አድርጋ አስረዳችኝ። ናዝሬት ግን ወረፋ ጠብቀን የምንረከብበት ጊዜ የለንም፣ በአውቶቡስ ይሁንልን፣ የምናውቀው ሹፌር አለ አለች። “እንወስደዋለን”፣ “የለንም”፣ “ይሁንልን” ስትል ያኔ ልብ አላልኩም። የሰማሁት “የምናውቀው ሹፌር” የሚለውን ብቻ ነው። ገዢ ባመጣው ሹፌር ዕቃ የሚልክ ሰው አልቅሶ ይመለሳል ብላ ብርነሽ አስጠንቅቃኛለች። በአውቶቡስ ከሆነ በእኔ ሹፌር ነው አልኩ። አስረስን ታስታውሰዋለህ፣ የመካኒሳውን፣ ልጁ ክርስትና ሲነሳ ቶሌራ የተጫወተለትን። የጅማን መስመር ይሠራል። ናዝሬት እሺ አለች። እሺታዋ ራሱ አስፈራኝ።

ገንዘቡ ገባ። ባንክ ሄጄ በመስኮቱ በኩል አስነግሬ አረጋገጥኩ። ያም አላረካኝም፤ የአምፕሊፋየሩም ገንዘብ መጀመሪያ ገብቶ ነበርና።

ማሸጉን ብታይ ትስቅ ነበር። ብርነሽ ስልኳን ይዛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ቀረጸችኝ። ቀኑ እንዲታወቅ ሬዲዮ ዜና ከፈትን። በማንጠልጠያው ሥር ያለውን ቁጥር በቅርብ፣ እያንዳንዱን ጎን በቅርብ፣ የተሰነጠቀውን በቅርብ። ስፖንጁ ስላልበቃኝ የቶሌራን ወፍራም አረንጓዴ ሹራብ አውጥቼ ጠቀለልኩበት። የክረምት ሹራቡን፣ ክርኑ የተጣፈውን። ፕላስተሩን ከለጠፍን በኋላ ግማሹ ካርቶኑ ላይ፣ ግማሹ ፕላስተሩ ላይ እንዲያርፍ አድርገን ሁለታችንም ፈረምንበት። ማንም ቢከፍተው ፊርማው ይቀደዳል።

አየር ጤና ወስደን ለአስረስ አስረከብነው። ደንቤን ነገርኩት። ካርቶኑ ፊትህ ይከፈት፤ ከመከፈቱ በፊት ፊርማችን እንዳልተነካ አሳየኝ፤ አውጥተው ይሞክሩት፤ ዕቃውን የያዘው ሰው በገዛ አፉ “ተረክቤያለሁ” ይበል፤ ይሄን ሁሉ በስልክህ ቅረጽ። አስረስ ጥርሱን እየፋቀ ሰማኝና “እትዬ ዓለሚቱ፣ እኔ ሰው እንኳን እንዲህ ተጠንቅቄ አልጫንኩም” አለኝ።

ቪዲዮው ማምሻውን ደረሰ። ብርነሽ ቆማ፣ እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ አየነው። ፊርማው ደህና ነው። የወንድ እጆች ካርቶኑን ከፈቱ። ፊት አይታይም፤ እጆችና የኮት እጅጌ ብቻ። ሹራቡ ጋ ሲደርሱ እጆቹ ቆሙ። ሰው የገዛውን ዕቃ ሲፈታ መጠቅለያውን ወዲያ ይወረውራል፤ እነዚህ እጆች ግን ሹራቡን ቀስ ብለው ፈቱት፣ አጠፉት፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አስገብተው ጎን አስቀመጡት። ብርነሽ ምን ያንቀራፍፈዋል አለች።

ከዚያ አኮርዲዮኑን አነሳው። ወናፉን ከፈተና ከታች ወደ ላይ ቁልፎቹን እየተጫነ ወጣ። ወደ ላይኛው ጫፍ ሲጠጋ አንዷን ነጭ ቁልፍ ተጫነና ወዲያው በትንሿ ጣቱ ጥፍር ከሥር ወደ ላይ አነሳት። እንደገና ተጫናት፣ እንደገና በጥፍሩ አነሳት።

“በቃ፣ ጉድለት አገኘ” አለች ብርነሽ። “አሁን ይደውላል፣ አምፕሊፋየሩን ያየሽ ይሄንን እይው።”

ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ገንዘቡ ሊመለስ፣ ዕቃው ሆዱ ተቀይሮ ሊመጣ፣ እኔ ደግሞ በየፖሊስ ጣቢያው ልንከራተት። በቪዲዮው መጨረሻ የናዝሬት ድምፅ ብቻ “ተረክቤያለሁ፣ እናመሰግናለን እትዬ” ይላል። የደወለ የለም። ያን ቀንም የለም፣ በማግስቱም የለም።

ብርነሽ ሳትኖር ደግሜ አየሁት። እንደገናም አየሁት። ያቺ ቁልፍ ተጭነሃት ስትለቅ እንደማትመለስ በማስታወቂያው ላይ አልጻፍኩም። ስለማላውቅ ነው። ከቶሌራ ጋር ስኖር ያቺን ነገር በትንሿ ጣቱ ሲያደርጋት አይቻለሁ፤ የእሱ ዓመል እንጂ የዕቃው ጉድለት መሆኑን ለአንድ ቀን አስቤ አላውቅም። እንግዳ ሰው ቢሆን ቁልፏ ተይዛ ስትቀር ይደነግጣል፣ ያያታል፣ ለሹፌሩ ያሳያል። እነዚያ እጆች ግን ሳያዩ ነው ያነሷት። በዚያ ዕቃ ላይ መጫወት የተማረ ሰው ብቻ ነው እንዲያ የሚያደርገው። በዚያ ዕቃ ላይ የተማሩት ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንደኛውን አቦ ቀብሬዋለሁ።

አስረስ ሲመለስ ያዝኩት። እያወቅህ ምነው ደበቅኸኝ አልኩት። ምን አለኝ መሰለህ? “እትዬ፣ ዕቃውን ቅረጽ አልሽኝ እንጂ ሰውየውን ቅረጽ አላልሽኝም።” ያን ሁሉ ደንብ ስደረድር የረሳሁትን ነገረኝ።

አሁን እንግዲህ የምታውቀውን እየነገርኩህ እንደነበር ታውቃለህ። አትፈር። እኔም እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ስተርክልህ ትንሽ ደስ ብሎኛል፤ ሰሞኑን ደስ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ለምን በናዝሬት በኩል እንደመጣህ ገምቻለሁ። በራስህ ስም ብትመጣ ወይ አልሸጥም እላለሁ፣ ወይ በነፃ ውሰድ እላለሁ ብለህ ፈርተህ ይሆናል። ሁለቱም ያንገበግቡህ ነበር። ጅማ ልትሄድ ዕቃህን ሸክፈህ አኮርዲዮኑን ልውሰደው ያልከው ቀን ቶሌራ ምን እንዳለህ አልረሳሁም። “ከዚህ ቤት የሚወጣው እኔ ስወጣ ነው” አለህ። ደጁን ሳትዘጋው ሄድክ። እሱም አልዘጋውም። ብዙ ቀን እኔ ነኝ ተነስቼ የዘጋሁት። ለቀብሩ መጥተህ ከአቦ በር እንዳላለፍክ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሳትቀመጥ እንደተመለስክ የነገሩኝ ብዙ ናቸው። እኔ ወደ በሩ ስመለከት ሰው ደክሟት ነው ይል ነበር። አንተን ነበር የማየው።

አልተቆጣሁህም። ለመቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ያለኝን ደረጃው ላይ ነው የምጨርሰው። የገረመኝ ሌላ ነው። ሌባ እንዳይደርስብኝ ቁጥር ስመዘግብ፣ ፊርማ ስፈርም፣ ሬዲዮ ስከፍት የከረምኩት ከአንተ ራሴን ልጠብቅ ኖሯል። አንተም በሰው ስልክ፣ በሰው ድምፅ፣ ፊትህን ከካሜራ አሽሽተህ የተጠነቀቅኸው ከእኔ ነው። ሁለታችንም ምንም ሳይወሰድብን በሰላም ተገበያየን። ይሄ ነው ያደከመኝ።

ገንዘብህን አልመልስልህም፣ አስቀድሜ ልንገርህ። የውሃ ሮቶ ገዝቼበታለሁ፣ ጉልበቴ ይመርቅሃል። ሹራቡ ግን በሽያጩ ውስጥ የለም። ያጠፍክበትን አስተጣጠፍ ስላየሁ አልጠይቅህም፣ ልበሰው፤ የጅማ ዝናብ ብርድ አለው ይባላል። ናዝሬት ሚስትህ ከሆነች፣ መሆኗን ድምፅዋ ነግሮኛል፣ ሌባ ብለን ስላማናት ይቅር ትበለን። ብርነሽ እንኳን አሁን “ሰው ልኳታል ብዬሽ አልነበረም?” እያለች በብሎኩ ሁሉ ታወራለች።

የቶሌራን ሙት ዓመት በጥር አቦ ሰሞን አወጣለሁ። ቤቴ ጠባብ ነው፣ ሰው ግን ይቻቻላል። አኮርዲዮኑን ይዘኸው ና። በአስረስም፣ በፖስታም፣ በማንም እንዳትልከው፤ ጣሪያ ላይ እንዳትጭነው፤ ጭንህ ላይ ያዘው። ያቺን ቁልፍ ጠጋኝ እንዳይነካብኝ፣ እንዲያው እንደተያዘች ትሁን።

ደንቤን ሰምተሃል። ዕቃውን የያዘው ሰው በገዛ አፉ መናገር አለበት። ናዝሬት “ተረክቤያለሁ” ብላልኛለች፣ ዕቃውን የያዝከው ግን አንተ ነህ። መጥተህ ደጄ ላይ ቆመህ፣ እንደ ድሮው እታለም ብለህ ጠርተህ እስክትነግረኝ ድረስ ርክክቡ አላለቀም፤ እኔም በሩን አልዘጋውም።

እታለምህ፣
ዓለሚቱ
ከጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ደረጃውን ስትወጣ በየፎቁ እረፍ