የመሃል ዳኛውን እየጠበቅን ነው

ውድ አባዬ፣

ይህን በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት እንደ ሕፃን ቆጥሬህ አይደለም። ዓይንህ ላይ ያለው ፋሻ ሲነሳ መጀመሪያ የምታነበው የእኔን ጽሑፍ እንዲሆን ስለፈለግኩ ነው። ደውዬ ባወራህ ድምፄን ነው የምትሰማው፤ ድምፄንማ ጠግበኸዋል። ወንድሜንም አስጠንቅቄዋለሁ፦ አንተ ራስህ ካላነበብከው ማንም አያነብልህም። የእሱን አፍ ስለማውቀው ፖስታውን በፕላስተር ግጥም አድርጌ ነው የላክሁት።

ያ የወንጀል ድራማ አለቀ። አንተ ለኦፕራሲዮን ወንድሜ ጋ በሄድክ ማግስት የመጨረሻው ክፍል ታየ። ነገሩ እንዴት እንዳለቀ በስልክ ስትጠይቀኝ ወሬ የቀየርኩብህ ወድጄ አይደለም፤ ምክንያቱን እዚሁ ታገኘዋለህ።

ሲጀመር ትዝ ይልሃል? በፈረስ ጋሪና በኩራዝ ዘመን የተገደለ የሆቴል ባለቤት፣ ዋናው ተጠርጣሪ ደግሞ ሰዓት ሠሪው። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ቆልፎ ይመጣል፣ አክስቴ ሹራብ መሥሪያዋን አንጠልጥላ ትመጣለች፣ እኔ አጠገብህ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የሚታየውን እነግርሃለሁ። አሁን በሩን ከፈተ፣ አሁን ባርኔጣውን አወለቀ እያልኩ።

ማየቱስ ባልከፋ፣ አስተያየቱ ነበር ጉዱ። ፀጉር አስተካካዩ የመርማሪውን ጭንቅላት ባየ ቁጥር፣ «በዚያ ዘመን ጎኑን እንዲህ በማሽን የሚያነሳ ማን ነበር? ይሄ ያለፈው ሳምንት ቁርጥ ነው» ይላል። አክስቴ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ክፍል በሟቹ ሚስት ላይ ፈርዳ ጨርሳለች። «የባልየው አስከሬን ሳይነሳ የለበሰችው ጥቁር ቀሚስ እንዴት እንዲህ ልክክ አለላት? ቀድማ አሰፍታዋለቻ! እሷ ናት የገደለችው» አለች፤ ከዚያ በኋላ ፍንክች አላለችም። አንተም ብትሆን አልተኛህም። ፖሊሱ ሌባ ሲያባርር ፊሽካውን ሰምተህ፣ «ይሄ ፊሽካ የዛሬ ነው። የዚያን ዘመኑ ውስጡ ትንሽ ኳስ ነበረው፣ ሲነፋ ይንቀጠቀጣል» አልክ። የዕድሜ ልክ የእግር ኳስ ዳኛ በፊሽካ አይታማም።

ከዚያ ያቺ ማታ መጣች። ለሰዓት ሠሪው የሆቴሉን ባለቤት መሞት ሲነግሩት ምንም አልተናገረም። «ደነገጠ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ» አልኩህ። ፀጉር አስተካካዩ ከወዲያ ሆኖ፣ «ኧረ ፈገግ ነው ያለው» አለ።

«ከአንተ ጋ ከሳቀ፣ ከእሷ ጋ ካለቀሰ፣ ስንት ፊት ነው ያለው ሰውዬው?» አልክ። ቀጥለህ ወደ እኔ ዞርክ። «አንቺ ደግሞ ይሄን ሰውዬ ወደሽዋል። ስለ እሱ ስትነግሪኝ ድምፅሽ ይለሰልሳል።»

አክስቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ፤ እውነትህን ነበራ። ያ ሰውዬ ሲስቅ ጉንጩ ላይ የሚሰረጉደውን ነገር ብታይ አንተም ታዝንልኝ ነበር።

አንተ ግን ገዳዩ ሰዓት ሠሪው ነው ብለህ ድርቅ አልክ። ያኔ ነው ፀጉር አስተካካዩ ሳያስበው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አላዩትም» ያለው።

በሪሞቱ ጭንቅላቱን ብለው ደስ ባለኝ። በስንት ስታዲየም ሕዝብ ሁሉ ተነስቶ «ይሄ ዕውር!» ሲልህ ቤት መጥተህ እየሳቅክ የምታወራልን አባት፣ ያን ቀን አልሳቅክም። ሞራው ዓይንህን ከጋረደው ጀምሮ ስንቴ ለምኜሃለሁ? ሐኪሙ ይገፈፋል እያለ፣ አንተ ግን «ጥላና ብርሃን እለያለሁ፣ ይበቃኛል። ነካክተው እሷንም እንዳያጠፉብኝ» እያልክ እሺ በጄ አላልክም። እኔም ፍርሃትህን ስላየሁ መጨቅጨቁን ትቼው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኮትህን ለብሰህ፣ ጫማህን አስረህ በር ላይ ቆመህ አገኘሁህ።

«ሐኪሙ ጋ ውሰጂኝ።»

«ምን ተገኘ አባዬ?»

«ሁለቱ የመስመር ዳኞች በየፊናቸው ባንዲራ አንስተዋል። እኔ የመሃሉ አላየሁም ብዬ ጨዋታውን ልቀጥል?»

እየሳቅኩ ነው ይዤህ የወጣሁት። ታክሲ ውስጥ ግን እስክንደርስ እጄን አልለቀቅክም፤ መፍራትህን ያወቅኩብህ እንዳይመስልህ ስለ አየሩ ቀባጠርኩ። ሌላም ያልነገርኩህ አለ። እኔም ፈርቼ ነበር። ዓይኑ ሲበራለት ሶፋው ጫፍ ላይ ማንን ያስቀምጣል ብዬ ሆድ ባሰኝ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እነዚያን ምሽቶች በጣም ነበር የምወዳቸው።

አሁን ስለ መጨረሻው ክፍል። ገዳዩን ያልነገርኩህ በተንኮል አይደለም፤ እኛም አላወቅንም! ሰዓት ሠሪው ከፍርድ ቤት በነፃ ወጣ፣ ደረጃው ላይ ቆመ፣ ዘወር ብሎ ወደ እኛ አየ፣ አለቀ። ቃል የለ፣ ሙዚቃ የለ፣ ጆሮ የሚይዘው ነገር የለም። ፊቱ ብቻ። ፀጉር አስተካካዩ «አመለጥኳችሁ ነው የሚለው» ይላል። አክስቴ «የመበለቲቱን ወንጀል ተሸክሞላት ነው» ብላ ታለቅሳለች። እኔ ምን እንዳየሁ አልነግርህም፤ እኔ እንደሆንኩ ወዳጅ ነኝ፣ ምስክርነቴ አይያዝም። ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃል። ክፍሉን ቀድቼዋለሁ፣ አክስቴም ፊሽካህን ወልውላ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጣዋለች። አንተ መጥተህ ሳታይ ውሳኔ የለም ተባብለናል።

ዓይንህ ባይበራ ብዬ ሌላ የጻፍኩት ደብዳቤ የለም። ይኸው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ስትመጣ በሩን የምከፍትልህ እኔ ነኝ። መነጽር አድርጌያለሁ፣ ግንባሬ ላይም ሽበት ጣል ጣል ብሏል፤ ድሮ የምታውቃት ልጅ አይደለሁምና እንዳትደነግጥ። ሰዓት ሠሪው ይቆይ። መጀመሪያ እዚያው በሩ ላይ ቆም በልና እኔን እየኝ።

ሶፋው ጫፍ ላይ የምትጠብቅህ፣
አድሎኛዋ የመስመር ዳኛህ