አባባን በፍተሻው በር ማሳለፍ

አርብ

እኔ ኃጢአተኛዋ ትርንጎ፣ በሰማይና በምድር ፊት፣ በዚህ ደብተርም ፊት፣ ሳልደብቅ እናዘዛለሁ፦ ዛሬ ጠዋት አያቴ በአውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ጫማቸውን ሲያወልቁ የግራ እግራቸው አውራ ጣት ከካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብሎ አየሁት። አይቼም ሳቅሁ። በአፌ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በአፍንጫዬም ሳቅሁ። እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ቅጣቱን እዚያው ስለተቀበልሁ ኃጢአቱ ተሰርዞልኛል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አባባ አልሄዱም።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው። የድጓ መምህር ናቸው። ከእሳቸው ጋር ከተማ መውጣት ፈተና ነው፤ ካህኑ ሁሉ «የኔታ» እያለ ጉልበታቸውን ሊስም ይቆማል፣ እኔ ፀሐይ ላይ እጠብቃለሁ። ቀኝ ዓይናቸው ድሮ ጠፍቷል። አሁን ደግሞ ሐኪሙ ግራውን አይቶ፣ ከኋላ ያለው ስስ ሽፋን እየተላቀቀ ነው፤ አዲስ አበባ ሄደው በቶሎ ካልተሠራ ይኼም ይጨልማል አለ። በአውቶቡስ እንዳይሄዱ፣ መንገዱን ሁሉም ያውቀዋል፤ አልጽፈውም። የቀረው አውሮፕላን ነው።

ፍተሻው ግን ሰሞኑን ጠብቋል። ባጃጅ ከውጭው በር አያልፍም፤ ሰው ይወርዳል፣ ይዳሰሳል፣ ሻንጣው ይከፈታል። አባባን ግን እዚያ ያለው ፈታሽ «የኔታ» ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ ሳይዳስሳቸው አሳለፋቸው። ተርሚናሉ በር ላይ ደግሞ እንደገና፤ ጫማ፣ ቀበቶ፣ ሰዓት፣ ስልክ፣ ሁሉም ወደ ሳጥን። የአባባ ዓይን ስለደከመ እኔና እማዬ እስከ መስታወቱ በር ደግፈን እንድናደርሳቸው ተፈቀደልን። እዚያ ቆመን ያየነው፦

— ቀበቶው በሳጥን ሄዶበት ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ የሚራመድ፣ ሙሽራ የመሰለ ጎረምሳ።

— ማሽኑ በጮኸባት ቁጥር የፀጉር መያዣዎቿን እንደ ዶሮ ላባ አንድ በአንድ የምትነቅል ሴት።

— ማር የያዙ እማማ። ፈሳሽ አይገባም ተባሉ። «ማር ፈሳሽ ነው?» አሉ። «ይፈሳል አይደል፣ እማማ?» «ሲሞቅ ነዋ!» ማሩ ቀረ፤ እሳቸው እየዞሩ እያዩት አለፉ።

አባባም ጫማቸውን አወለቁ፤ ጥምጥማቸውን አወረዱ፤ በበሩ አለፉ። ማሽኑ ጮኸ። ፈታሹ ልጅ በትሕትና «አባቴ፣ እጅዎን ያንሡልኝ» ብሎ የእጅ መፈተሻውን ይዞ ወደ ወገባቸው ጠጋ አለ። አባባ ዜማ ያበላሸ ተማሪ እንደሚያዩ አዩት። ጫማቸውን አነሡና በካልሲያቸው ወጥተው መጡ።

«ጫማ አስወልቆ የሚዳስስ ቤት አልገባም» አሉ። ሌላ ቃል የለም።

እማዬ ዓባይ ማዶ ቤታችን እስክንደርስ ባጃጅ ውስጥ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ እንደገና አለቀሰች። «ለጫማ ብለው ዓይንዎን ሊያጠፉ ነው፣ አባባ? ለጫማ?» ባጃጅ ነጂው ሬዲዮውን አጠፋ፤ የእኛ ይሻላል ብሎ መሰለኝ።

ማታ አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ደወለ። ትኬቱ ወደ ረቡዕ ተዛውሯል። ሐኪሙ ሐሙስ ይሠራላቸዋል። ከዚያ ካለፈ፣ አለ አጎቴ፣ የምትመጡት ለሰላምታ ብቻ ነው።

ቅዳሜ

ወሰንሁ። አባባን አሳልፋቸዋለሁ። እማዬ በልቅሶ አልቻለችም፣ አጎቴ በስልክ አልቻለም፤ የቀረሁ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ዛሬ ቤታችን ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያ ከፈትሁ። ዕቃዎች፦ የፍተሻ በር (የማድ ቤቱ በር)፣ ሳጥን (የልብስ ማጠቢያ ሳፋ)፣ የእጅ መፈተሻ (ማማሰያ)፣ ጩኸት (እኔ)።

«ይኼ ጨዋታ ነው?» አሉ አባባ።

«ትምህርት ነው» አልኋቸው። ትምህርት ሲባል እምቢ ማለት አይችሉም፤ ድክመታቸውን አውቃለሁ።

ጫማ፦ አወለቁ፤ ምንም ችግር የለም። ጥምጥም፦ አጉረመረሙ፤ «ይኼን ለመጠምጠም ስንት ዓመት እንደ ቆየሁ ታውቂያለሽ?» አሉ፤ ግን አወረዱ። በቀስታ ሳፋው ውስጥ ሲያስቀምጡት ሕፃን የሚያስተኙ ይመስላሉ። እጅ ማንሣት፦ አነሡ። እኔም በማማሰያዬ ከትከሻ ጀምሬ ወረድሁ። ወገባቸው ላይ ስደርስ...

ቃ!

እንጨት ብረት ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ነው። ቀበቶ ደግሞ አያስሩም። አባባ እጄን ገፋ አደረጉ። «የልጅ ጨዋታ ይበቃል» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። አውሮፕላን ማረፊያው በተከፈተበት ቀን ተዘጋ።

አሁን ሳስበው፤ እኚህ ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ በየቀኑ ጫማ ያወልቃሉ። ዛሬም ሳያንገራግሩ አወለቁ። ጫማ መቼ ነው ያስቆጣቸው? እማዬ ይኼን አላየችም። ትልልቅ ሰዎች ሲያለቅሱ ማሰብ ያቆማሉ።

እሁድ

አወቅሁ። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

አባባ ከውስጥ የሚለብሱትን ካናቴራ ለማንም አይሰጡም፤ ራሳቸው ከጓሮ ያጥባሉ። እማዬ «አጠባችንን አያምኑትም» እያለች ትስቃለች። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ከሳፋው ኋላ አንዱ ወድቆ አገኘሁት። ዓይናቸው ስለደከመ አላዩትም። ወገቡ ላይ ዙሪያውን የዛገ ብረት ቀለም አለው። እንደ ቀለበት፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን።

አባባ በወገባቸው ሰንሰለት ታጥቀዋል።

በገድል ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ብረት የታጠቁ፣ ድንጋይ የተንተራሱ። እነዚያ ግን የመጽሐፍ ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር። ከእኔ ጋር በቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ የሚጣሉ፣ ስኳር እንዳያበዙ ተነግሯቸው ማንኪያ ሙሉ የሚሰርቁ ሰውዬ አይመስሉኝም ነበር። ከታጠቁት ስንት ዓመት ይሆን? ለምን? እሱን መጠየቅ የእኔ ድርሻ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ካወቀው ዋጋው እዚያው ተከፍሎ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ነው የሸሹት። መፈተሻውን ሳይሆን መታወቁን። ዓይናቸውን ሊከፍሉበት ነው።

ለእማዬ ልንገራት? እማዬ ለአክስቴ ትነግራለች፣ አክስቴ ለማኅበሯ፤ እስከ ሠርክ ጸሎት ጎረቤት ከተማ ሐሙሲት ድረስ ይሰማል። አይሆንም።

ካናቴራውን በሎሚና በጨው አሸሁት። ቀለሙ ለቀቀ። አድርቄ አልጋቸው ላይ አስቀመጥሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ለእኔ ዝም ማለት ሰንሰለት ከመታጠቅ ይከብዳል፤ ይመዝገብልኝ።

ሰኞ

ከትምህርት ቤት መልስ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድሁ። ውጭው በር ላይ ያለችውን ፈታሽ ጠየቅኋት፦ አንድ ሽማግሌ ሰውነታቸው ላይ ብረት ቢኖርስ?

«ምን ዓይነት ብረት?»

«ሐኪም ያስገባላቸው» አልሁ። (ውሸት። ለብቻው ይቆጠር።)

መጋረጃ ያለው ክፍል አለ አለችኝ፤ ወንድ ፈታሽ ለብቻቸው ያያቸዋል። «መታየቱ ግን አይቀርም፣ እህቴ። እኛም ደስ ብሎን አይደለም፤ እሳቸው የሚሳፈሩበት ነው እኮ።» እውነቷን ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያጉረመርምባት ትውላለች፤ ማር የቀረባቸው ሁሉ የሚረግሙት እሷን ነው።

አንድ ሰው ግን ሰው ነው። አባባ አይቀበሉም። ለመፍታት ደግሞ በራሳቸው አይፈቱትም፤ ያሰረው ቃል ነው።

ቤት ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎናቸው ተቀመጥሁ።

«አባባ፣ የንስሐ አባትዎን ለምን አይጠይቋቸውም?»

«ስለ ምን?»

«እንዳያልፉ ስለያዘዎ ነገር።»

ባጃጅ አለፈ፤ ሌላ ባጃጅ አለፈ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ «ካናቴራዬን ማን አጠበው?» አሉ።

«ዝናብ።»

«በዚህ በጋ?»

አባባ በጣም በዝግታ ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ «ነገ ጀልባ ፈልጊ» አሉኝ። የንስሐ አባታቸው ሐይቁ ላይ ባለው ገዳም ናቸው።

ማክሰኞ

እማዬ አባባ ከመንገድ በፊት ሊባረኩ የሚሄዱ መስሏት ሥራዋ ሄደች። እኔ ዓይናቸው ነኝ ተብዬ ከትምህርት ቤት አስፈቀደችኝ። የሐይቁን ዳር ጭቃ አሻግሬ ጀልባ ላይ አወጣኋቸው። ሐይቁ ጠዋት ስለሆነ ረግቶ ነበር። አባባ መንገዱን ሁሉ ቀዛፊውን ስለ አቀዛዘፉ ሲያርሙት ነበር። ጀልባ ቀዝፈው አያውቁም።

ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ እኔ ከጀልባ መውረጃው አላልፍም። አንድ ዲያቆን እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸው። ጠበቅሁ። ድንጋይ ወረወርሁ። ጉማሬ ይኖር ይሆን ብዬ ፈራሁ። ጠበቅሁ።

ሲመለሱ አካሄዳቸው ተለውጧል። ወደ አንድ ወገን ዘንበል ይላሉ፤ ሸክም ወርዶለት ሚዛኑ የጠፋበት አህያ ይመስላሉ። (ይቅር በለኝ፤ ግን ይመስላሉ።) አብረዋቸው የወረዱት መነኩሴ ጠጅ ሳር የመሰሉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። እኔን አዩኝ፤ በመስቀላቸው ባረኩኝ፤ «በርቺ» ብቻ አሉኝ።

ጀልባው መሐል ሐይቅ ሲደርስ አባባ ራሳቸው ነገሩኝ። ቀዛፊው እንዳይሰማ በጆሮዬ። የንስሐ አባታቸው እንዲህ አሏቸው፦ ብረቱን ፍታና እኔ ዘንድ አስቀምጥ። በምትኩ ረቡዕ ዕለት፣ ሰው ሁሉ እያየህ፣ ጫማህን አውልቀህ፣ ጥምጥምህን አውርደህ፣ እጅህን ዘርግተህ ተፈተሽ። አንዲት ቃል እንዳትናገር። ሲገፉህም፣ ሲያቻኩሉህም፣ ሲመልሱህም። ይኼ ነው ቀኖናህ።

«ብረቱ ይቀለኝ ነበር» አሉ አባባ።

አመንኋቸው። ሰንሰለት የቻለ ወገብ አለ፤ የአባባን አፍ ግን የቻለ የለም። በቅዳሴ መሐል ዲያቆን ያርማሉ። በዜና መሐል ጋዜጠኛ ያርማሉ። ነገ አንዱ «ቶሎ ይበሉ» ቢላቸው የሰዋስው ትምህርት ይጀምራሉ፣ ከዚያ ይጣላሉ፣ ከዚያ በካልሲ መመለስ ነው።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ማረፊያው ዳግም ተከፈተ። የዛሬው ትምህርት፦ ዝምታ። እኔ በሕይወቴ አይቼ የማላውቀውን ባለጌ ፈታሽ ሆንሁ።

«ና ወዲህ! አንተ ሽማግሌ! እጅህን አንሣ! ከፍ! ምን ትጎተታለህ?»

አባባን አንተ አልኋቸው። ምላሴ እንደ በርበሬ ነደደ፤ ግን ደስ አይልም ብዬ አልዋሽም። በመጀመሪያው ጊዜ «አንተ?!» ብለው ጮኹ። ፈተናውን ወደቁ፤ እንደገና። በሁለተኛው ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ዝም አሉ። ጢማቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። «ጥምጥምህ ምን ደብቋል፣ ዳቦ ነው?» አልሁ። ዝም! ልቤ በኩራት አበጠ።

በዚህ መሐል እማዬ ከሥራ ገባች። ያየችው፦ አባቷ በባዶ ራሳቸው፣ ጥምጥማቸው ሳፋ ውስጥ፣ እጃቸው ወደ ላይ፣ ልጇ በማማሰያ እያመለከተች «ዙር አንተ!» ስትል።

ነጠላ ጫማዋ ከበሩ ተነሥቶ ጀርባዬ ላይ አረፈ። አባባ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሁሉንም ተመለከቱ። ቀኖናቸውን ጀምረዋላ! ጫማው ሁለተኛ ጊዜ ካረፈ በኋላ ነው «ተያት፣ እኔ ነኝ ያዘዝኋት» ያሉት።

እማዬ ፈረደችብኝ፦ ነገ አውሮፕላን ማረፊያ አልሄድም። ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ባለፈው ስቄያለሁ፣ ዛሬ ተሳድቤያለሁ፤ ነገ ምን እንደማደርግ አይታወቅም።

ረቡዕ

ትምህርት ቤት ሄጃለሁ። ከዚያ መጥቻለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

አሁን ከውጭው በር አጠገብ፣ ከቆመ ሚኒባስ ኋላ ሆኜ ነው የምጽፈው። የተርሚናሉ መስታወት በር ከዚህ ይታያል። ጉልበቴ ላይ ስለምጽፍ ፊደሌ የሐኪም ሆኗል።

እነሱ ከባጃጅ ሲወርዱ አየኋቸው። አባባ ነጭ በነጭ፤ እማዬ ክንዳቸውን ይዛ። ውጭው በር ላይ ረጅም ሰልፍ። ከፊታቸው የተሰለፈ ወጣት መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ዜማውን አበላሽቶታል፣ ከዚህ ድረስ ይሰማል። የአባባ ከንፈር ሲከፈት አየሁ። አለቅን አልሁ። ተዘጋ።

ተራቸው ደረሰ። ፈታሹ እጅዎን ያንሡ ሳይል በፊት አነሡ፤ ማኅሌት ላይ እንደሚያነሡት ከፍ አድርገው። ጎረምሳው ፈታሽ ራሱ ደነገጠ። ደረት፣ ጎን፣ ወገብ። ወገብ ላይ ሲደርስ እኔ ትንፋሼን ያዝሁ፤ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ። አለፉ። ከእሳቸው ኋላ አንዲት ሴት በጠርሙስ ጠበል ይዛ ከፈታሿ ጋር ስትከራከር ነበር። አባባ ቆም አሉ። በዚህ ላይ እንኳን የሚሉት ብዙ ነገር አለ። እማዬ ሳብ አደረገቻቸው። ሄዱ።

በመስታወቱ በር ገቡ። እማዬ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ወዲያ አይታየኝም፤ ሰው ተደራርቧል።

ባለፈው በካልሲያቸው ወጥተው የመጡት ከእሳቸው ኋላ ገና ብዙ ሰው ሳይገባ ነበር። አሁን ስንት ሰው ገባ። ማሽኑ ጮኾ ይሆን? ከዚህ አይሰማም። ካልሲያቸውን ትናንት ሰፍቼላቸዋለሁ፤ ቢያንስ በዚያ አይሳቅባቸውም። ፈታሹ የዚያን ዕለቱ ልጅ ቢሆንስ? ቢያስታውሳቸውስ? «አባቴ፣ የዚያን ቀን ለምን ሄዱ?» ቢላቸው? ዝም ይበሉ። እባክህ ዝም ያሰኛቸው። እኔ ለአንድ ወር አልሳደብም። ለሁለት ሳምንት።

በሩ ተከፈተ። ሌላ ሰው ነው፤ ሻንጣውን የረሳ።

እንደገና ተከፈተ።

እማዬ ናት። ወደ ውጭ ዞራለች። እጇ ባዶ ነው። ከጎኗ ማንም የለም። ከኋላዋም አየሁ፣ ማንም የለም። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ብቻዋን ናት። ብቻዋን! እናቴ ብቻዋን ስትመጣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መጮኽ አማረኝ፣ እጄን ነከስሁ፣ ዘለልሁ እንኳን መሰለኝ። ወደ ውጭው በር እየመጣች ነው። ቀረበች። እኔ ሚኒባሱ ኋላ ዝቅ አልሁ፤ እስክታልፍ እዚሁ...

ሚኒባሱ ተነሣ። እየሄደ ነው። መደበቂያዬ እየሄደ

«ትርንጎ!»