ጥቁር ጓንትን ይግደሉልኝ

ለተከበሩ የሐሙስ ማታው ተከታታይ ድራማ ደራሲና የጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ፣

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ዕድሜዬን በሙሉ በርና መስኮት ስገጥም የኖርኩ አናጢ ነኝ፣ አላፍርበትምም። ልጄ ቃሌን እንዳታለሳልስብኝ ከጎኗ ተቀምጫለሁ፤ ማንበብ ባልችልም ብዕሩ ሲያመነታ ይታወቀኛል።

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። በተለይ ቀኝ እጅዎ እንዴት ነው? በየሳምንቱ ይህን ያህል ጥርስ ሲያረግፍና ይህን ያህል ጎድን ሲሰብር ከርሞ አንድ ቀን እንኳ ወለም ሳይለው መቅረቱ እጅግ ደስ ያሰኛል። እኔ እንጨት ብቻ ስመታ ኖሬ ጣቶቼ ተጣመዋል። ይህን ሁለተኛ ደብዳቤ ለክፍሉ ኃላፊም ጭምር ያደረግሁት ለእርስዎ ብቻ የላክሁት የመጀመሪያው መልስ ስላላገኘ ነው፤ ሰው መግደል ጊዜ እንደሚወስድ ስለምረዳ አልተቀየምኩም።

ቴሌቪዥን እወዳለሁ። የሙዚቃው ዝግጅት ላይ ዘፋኙ አፉን ከዘጋ በኋላ ዘፈኑ መቀጠሉን ታዝቤ ዝም ብያለሁ። ፊልም ደግሞ የበለጠ እወዳለሁ፤ ክፉውን ሰው በአንድ ቁጭታ ጨርሶ መብራት ያበራል፣ ተመልካቹም በሰላም ቤቱ ይገባል። መጽሐፍም ልጄ ታነብልኛለች። የመጽሐፍ ክፉ ሰው ፊት ስለሌለው ዳቦ ሊገዛ ቢወጣ ማንም አይፈነክተውም። የእርስዎ ክፉ ሰው ግን ፊት አለው። ፊቱ የልጄ ባል ፊት ነው።

ጥቁር ጓንት የሚባለውን አረመኔ፣ ሚስቱን በቀበቶ የሚገርፈውን፣ ሽማግሌ አባቷን ከፎቅ የሚገፈትረውን፣ የሚጫወተው አማቼ ነው። ከእኛ ጋር በአንድ ቤት ይኖራል። አይጥ በወጥመድ ከተያዘች ክፍሉን ለቆ የሚወጣ ሰው ነው። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ከበሮው አመሰግናለሁ። ጥቁር ጓንት እጁን ሊያነሳ ሲል የምታሰሙትን ያንን ድም ድም የሰፈሩ ልጆች በቆርቆሮ አጥንተውታል። አማቼ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ጀምረው እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ያጅቡታል። ባለሥልጣን እንኳ እንዲህ ታጅቦ አያውቅም። ቆርቆሮው ሲሰማ በየደጁ የተቀመጠው ሁሉ ማን እንደመጣ ያውቃል፣ ድንጋይም በየእጁ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ስለ ትወናው። እጅግ ጥሩ ነው፤ ጣጣውም እሱ ነው። ባለፈው ወር ባለቤቴ፣ ማለትም አማቱ፣ ከእሱ ጋር ጎን ለጎን ሶፋ ላይ ተቀምጣ ድራማውን ስታይ፣ እዚያ ውስጥ ያለው እሱ ሚስቱን በጥፊ ሲያጮላት ጫማዋን አውልቃ እዚህ ያለውን እሱን ማጅራቱን አለችው። ልጁ ደንግጦ፣ «እማዬ፣ እኔ እኮ እዚህ ነኝ!» ቢላት፣ «እዚህ መሆንህንማ አይቻለሁ፤ እዚያ ያለው ታዲያ ማን ነው?» ብላ ደገመችው። በገዛ እጇ የምታጎርሰው ሴት እንዲህ ካደረገች፣ መንገደኛውን ምን ልበለው?

ሦስተኛው ስለ ሞቱ ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ከልብ ነው። አምና ጥቁር ጓንትን ከድልድይ ወርውረው ገደሉልን። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደግ ወቅት አላየሁም። ሰፈሩ በሙሉ አማቼን ይቅር አለው። ባለሥጋ ቤቱ ከሱቁ ወጥቶ፣ «እንኳን ሞትክ ወንድሜ!» እያለ አቀፈው። በጃንጥላ ልትደበድበው ስትጠብቀው የኖረችው ጡረተኛ ነርስ በዝናብ ቀን በዚያው ጃንጥላ አስጠግታ ቤቱ አደረሰችው። ከዚያ እርስዎ ተመልካች ቀነሰ ተባሉና ሰውዬውን ከወንዝ አውጥተው፣ አስተንፍሰው፣ አስነስተው፣ እንደውም አወፍረው መለሱልን። አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ይቅርታው እንደተሰረቀበት ያህል ተቆጣ። የአማቼ ክንድ የተሰበረው ያን ሳምንት ነው፤ የሰበረውም ያው ያቀፈው ባለሥጋ ቤት ነው፣ «ታታልለኛለህ?» እያለ። እርስዎ ግን አርቆ አሳቢ ነዎትና ጄሶውን ሲያዩ አልደነገጡም። በሚቀጥለው ሐሙስ በዚያው ጄሶ የድራማ ሚስቱን እንዲፈነክት ጻፉለት።

አራተኛ፣ ይህን ብዕር ስለያዘችው። ጻፊው፣ ስለ አንቺም እናገራለሁ። ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። የጎረቤት ሴቶች እጅጌዋን እየሰበሰቡ ሰንበር ይፈልጋሉ፤ ሲያጡ፣ «ልብስ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ነው የሚመታት» ይላሉ። የምትሠራው ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ስለሆነ ክንዷ ላይ የምድጃ ጠባሳ አለ። አንዷ ያንን አይታ፣ «በጋለ ብረት ተኮሳት» ብላ አወጀች። በማግስቱ ጎረምሶች ባሏን ከአጥር አጣብቀው፣ «ይሄ ለእሷ! ይሄም ለእሷ!» እያሉ በድንጋይ ግንባሩን ከፈቱት። እሷ እየጮኸች ብትደርስ፣ «አይዞሽ እህታችን፣ ከእንግዲህ አትፍሪው» ብለው አጽናኗት። ደሙ በቀሚሷ ላይ ነበር። ሐኪሙ ሰፍቶ ሲጨርስ፣ ድንጋዩ አንድ ጣት ዝቅ ቢል ኖሮ ዓይኑ ይፈስ ነበር ብሎናል።

አሁን ደግሞ ለመጪው ሐሙስ የምታሳዩትን ማስታወቂያ አይቻለሁ። ጥቁር ጓንት ነፍሰ ጡር ሚስቱን በጸጉሯ ይዞ በደረጃ እየጎተተ ያወርዳታል። አማቼ ዓርብ ጠዋት በእግሩ ወጥቶ ወደ ቀረጻ መሄድ አለበት። ይህች ልጅ ሆዷን ይዛ ከጎኑ ብትሄድ ምን እንደሚገጥመው ለእርስዎ ለአዋቂው አልነግርም። ሥራውን ተው ብለነው ነበር፤ ውሉ ድራማው እስኪያልቅ ያስረዋል፣ ከወጣ ይከሰሳል። ጓንት የለበሰው እሱ ነው፣ ታስሮ ያለውም እሱ ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ይግደሉት። በዚሁ ሐሙስ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ፣ እጁ ጸጉሯን ሳይነካ። በጥይት ይሁን፣ በገጀራ ይሁን፣ ሚስቱ በመጥረቢያ ትበለው፣ ምርጫውን ለባለሙያው ትቻለሁ። የተቀረጸው ተቀርጿል ካሉኝ መቁረጫ አለዎት፤ መቀጠያም አለዎት። ብቻ ሬሳው ይታይ። ፊቱ ይታይ። ጉድጓድ ሲገባ፣ አፈር ሲለብስ ይታይ። ወንዝ አልፈልግም። መንትያ ወንድም አልፈልግም። ለካስ ሕልም ነበር የሚባለውንም አልፈልግም። ሣጥን ካጣችሁ እኔ እሠራዋለሁ፤ ክዳኑን ራሴ በምስማር ከመታሁት ማንም ደራሲ አይከፍተውም። ለቅሶውንም አትጨነቁ፤ እኛ ቤት ያን ቀን የሚያለቅስ ካለ ከደስታ ነው።

ስለ ጄሶው፣ ስለ ስፌቱ፣ ስለ ቆርቆሮው ኦርኬስትራ፣ እንዲሁም ከእንጨት በቀር የሚያዝናናው ያልነበረውን ሽማግሌ በየሐሙሱ ልቡን እየደበደባችሁ ስላቆያችሁት ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ ለብዕርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጥቁር ጓንት አጭር ዕድሜ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
በፈቃድዎ በቅርቡ ሟች የሚሆነው ሰው አማት

በተጨማሪ፦ ሰፈራችን እስከ ዛሬ ጥቁር ጓንት የሚመታው በገዛ ፈቃዱ ይመስለዋል። ቢሮው ተቀምጦ ምታ እያለ የሚጽፍለት ሰው እንዳለ የነገራቸው የለም። ፎቶግራፍዎ መጽሔት ላይ ወጥቶ ስለነበር አስቆርጬ አስቀምጫለሁ፤ ፈገግታዎ ያምራል። ሐሙስ ማታ አማቼ ካልሞተ፣ ዓርብ ጠዋት ታክሲ መያዣው ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ልጄም ከሥሩ «ያዘዘው ይህ ነው» ብላ በትልቁ ትጽፍበታለች። ጎረምሶቹ እንደኔ አይደሉም፤ ማንበብ ይችላሉ።

በይ ልጄ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ባልሽንም ጥሪው፣ ቁጭ ብሎ ይስማ። አሟሟቱ ላይ የሚጨምረው ካለ፣ ሳናሽገው እንጨምርለታለን።