አባዬ የደፈኑት ቦይ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ሳሉስ ለቀቀዎት ወይስ እንደ ልማድዎ «ደኅና ነኝ» እያሉ እማዬን እንቅልፍ ይነሷታል? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ጸጉሬ በኖራ ነጥቶ የእርስዎን ታላቅ እህት መስያለሁ።

ባለፈው በስልክ ነገሩን ስጀምርልዎ «ቆዪ ዶሮዎቹን ልያቸው» ብለው ስልኩን ለእማዬ ሰጥተው ውልቅ አሉ። አባዬ፣ ዶሮዎቹ ከተሸጡ እኮ ሁለት ዓመት አለፋቸው! ስለዚህ በወረቀት መጣሁ። ወረቀቱን ለእማዬ ቢያቀብሏትም አያመልጡም፤ ጮክ ብላ ታነብብዎታለች።

የማድሰው ቤተ መንግሥት ምሥራቃዊ ክንፉ ታሟል። የትልቁ አዳራሽ ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ የጣሪያው ቅርጻ ቅርጽ ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። የእድሳቱ ኮሚቴ ክረምት ሳይገባ ግድግዳው ካልደረቀ ክንፉ በሙሉ ይፍረስ ብሎ ወስኗል። መቶ ዓመት የቆመ ቤት! ደሜ ፈላ።

የእድሳቱ መሐንዲስ ግድግዳውን እያንኳኳች ምክንያቱን አገኘችው። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኖራ ይተነፍሳል፣ የጠጣውን ውሃ መልሶ ያወጣል። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ግን በላዩ ሲሚንቶ ተለስኖበታል። ውሃው መውጫ አጥቶ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ይህን የለሰነው የትኛው ደንቆሮ ነው ብላ ጠየቀች።

እኔ አወቅሁት። ከታች ጥጉ ላይ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የተጫኑ የሦስት ጣቶች አሻራ አለ፤ መሃለኛው ድንጋይ የቆረጠው አጭሩ ጣትዎ ነው። ይኸው ምልክትዎ የቤታችንም ግድግዳ ላይ አለ። ያን ዕለት ግን እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩት። እውነቱን ልንገርዎ፣ እስካሁን የማፍረው በእርስዎ ሳይሆን በዝምታዬ ነው። በማግስቱ በሠራተኛው ሁሉ ፊት የለሰኑት አባቴ ናቸው፣ በሲሚንቶ ይሁን ያለው የያኔው የሥራ አለቃ ነው፣ ለሥራቸው የተሰጣቸው የምስጋና ወረቀትም ሳሎናችን ተሰቅሏል አልኩ። ኖራ የሚያቦካው ሽማግሌ ሳቀና፣ ያኔ ለሁላችንም ሲሚንቶ መድኃኒት ይመስለን ነበር፣ እኔም በየቦታው ስንቱን ቤት ገድያለሁ አለኝ። መሐንዲሷም ስድቧን መልሳ ዋጠች።

አሁን ሲሚንቶውን በመሮ ልጠን ጨርሰናል። የእርስዎን ጥግ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀድኩም፤ በገዛ እጄ አነሳሁት። ምን ዓይነት ጥብቅ ሥራ ነው በሞቴ! ክንዴ ሊገነጠል ነበር። እያነሳሁት አለቀስኩም፣ ኮራሁም።

ግድግዳው ግን አሁንም ከሥሩ ይረጥባል። በአሮጌው ፕላን ላይ ከአዳራሹ ሥር ውሃ የሚያስወጣ የድንጋይ ቦይ አለ፤ አፉ ግን ጠፍቷል። ልጅ ሆኜ ራት ላይ፣ በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ሥር አይጥ የሚገባበትን ቀዳዳ ማንም በማያገኘው መንገድ ደፈንኩት ብለው ሲኩራሩ ሰምቻለሁ። ያ ቀዳዳ የቦዩ አፍ ነበር፤ እውነትዎን ነው፣ ማንም አላገኘውም!

ግድግዳው አርባ ሜትር ነው። ሥሩን በየሜትሩ እየቆፈሩ መፈለግ ደግሞ የታመመውን ሰው ከአልጋው እንደ መገፍተር ነው፤ ሊናድ ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ይቅርታ ይበሉ አላልኩም፣ ምክንያትም አልፈልግም። የቦዩ አፍ ከሰሜኑ ጥግ ስንት እርምጃ ነው? ይህን ብቻ ይጻፉልኝ።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። ለወንድምዓለምና ለሚስቱ ሰላምታዬ ይድረስ፤ የተወለደችውን ሕፃን ሳላያት እንዳታድግብኝ። ትንሿ እህቴ ጫማዬን ከጨረሰችው ወዮላት። አክስቴንም ስለ ባል ጥያቄዋ መልሱ ያው ነው፣ ግድግዳው ይቅደም ይበሏት።

ግንቦት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ቁፋሮ እጀምራለሁ። መሐንዲሷ አደገኛ ነው ብላ አስፈርማኛለች። ቢጽፉልኝም ባይጽፉልኝም ከግድግዳው ሥር የምገባው እኔ ነኝ። ከጻፉልኝ አንድ ጉድጓድ ነው፤ ካልጻፉልኝ አርባ።

የግንበኛው ልጅ፣ ግንበኛዋ

ከቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ ከምሥራቁ ክንፍ
ሚያዝያ 3 ቀን