ያላደረስኩት ፖስታ

ልጄ ጂንግሩ፣ የባሕሯ እናት ማዙ በሄድሽበት ትጠብቅሽ፤ የጀርመን ብርድ አይድፈርሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ቢያመውም ዛሬም መረብ ሲጠግን ዋለ።

ሥራ ለምታመለክቺበት ለእዚህ አገሩ ዩኒቨርሲቲ አድርሺልኝ ብለሽ የላክሽውን የትምህርትና የሥራ ታሪክሽን ትናንት ላሳትመው ወሰድኩት። የማተሚያ ቤቷ አሁዪ እያገላበጠች፣ «እትዬ፣ ይሄ ጥናት ታትሟል ይላል። ገና እየገመገሙት ነው አላሉኝም ነበር?» አለችኝ።

«አንዲት ቃል ምን ታመጣለች?» አልኳት።

«የመምህር ሊያኦን ልጅ በተቀጠረ በስድስተኛ ዓመቱ ከማስተማር ሥራው ያስባረረችው፣ በሥራ ታሪኩ ላይ የዋሸባት አንዲት ቃል አይደለችም እንዴ!»

ቢሆንም አሳትሜ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ሄጄ ፖስታውን እንደታቀፍኩ ተመለስኩ። አትቆጪኝ። ሥራ ሳታገኚ ብትመጪ ያለችንን ዓሣ አብረን እንበላለን፤ ስምሽ ከጠፋ ግን እኔ ምን ላደርግልሽ እችላለሁ? እንቅልፍም አልወሰደኝ።

ማመልከቻው ሊዘጋ አምስት ቀን ቀርቶታል። ይህን ደብዳቤ አሁዪ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። እባክሽ፣ «በግምገማ ላይ» ብለሽ አርሚውና መልሺልኝ፤ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ደርሼ እቆማለሁ። ማዙ ልብሽን ታረጋጋልሽ፣ እጅሽ የጻፈው ሁሉ ይባረክልሽ።

የምትሳሳልሽ እናትሽ